ስለ ስንዴ ዋግና ስለ ጨረር ጥበብ

የስንዴ ድፎ ዳቦ ከማእዱ ቀርቦ ሲቈረስ፣ ያ ስንዴ ገና ከጎተራ ሳይገባ ከምን ዓይነት ጠላት እንዳመለጠ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ይህም ጠላት ዋግ ይባላል። ስሙ ለአንባብያችን እንግዳ አይደለም፤ ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ባስመረቀ ጊዜ በጸለየው ጸሎት ውስጥ ከራብና ከቸነፈር ጋራ ተቈጥሮ ይገኛል። የጥንት ሮማውያንም ዋጉ ከእህላቸው እንዲርቅ ብለው በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ውሻ ይሠዉ ነበር፤ ውሻው ምን እንደ በደለ ግን ለእኛ አልታየንም።

ዋግ ከሻጋታ ወገን የሆነ ረቂቅ ነገር ነው። በስንዴው አገዳና ቅጠል ላይ እንደ ብረት ዝገት ቀልቶ ይወጣና ለፍሬው የሚሆነውን ምግብ እየመጠጠ ዛላውን ያከሳዋል። በጣት ቢነኩት ቀይ ትቢያ ይለጥፋል፤ ከዚያ ትቢያ እያንዳንዱ ቅንጣት ዘር ስለ ሆነ ነፋስ ተሸክሞ ከአገር ወደ አገር ያሻግረዋል። በ1998 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በዩጋንዳ የተገኘው ብርቱ የአገዳ ዋግ በ2003 ኢትዮጵያ ደረሰ። ዲገሉ የሚባለው የስንዴ ዘር ይህን ዋግ የሚችል ሆኖ ስለ ተገኘ በባሌና በአርሲ በብዙ ተዘርቶ ነበር። ነገር ግን በ2013 መጨረሻ ከዩጋንዳው ወገን ያልሆነ ሌላ የአገዳ ዋግ ተነሣና ዲገሉን ለይቶ መታው። አንዳንዱ ማሳ ለማጭድ ሳይበቃ ጨርሶ ጠፋ፤ የዘሩን ዋጋ ከፍሎ መከሩን ሲጠብቅ ለነበረው ቤተ ሰብ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻንም።

እንግዲህ ወደ ጨረሩ ነገር እንግባ። ሮንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1895 ያገኘው ጨረር የሰውን አጥንት ለሐኪም እንደሚያሳይ ሁሉም ያውቃል። በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ያስተምር የነበረው ሉዊስ ስታድለር ደግሞ በ1928 ይህ ጨረር የገብስን ጠባይ እንደሚለውጥና ለውጡም ለልጅ ልጅ እንደሚተላለፍ ገለጸ። ራሱ ስታድለር ግን ጨረሩ ከሚያለማው የሚያጠፋው ይበዛል ብሎ ለእርሻ ብዙ ተስፋ አላደረገበትም።

በዚያው በሚዙሪ ይሠራ የነበረው ኧርነስት ሲርስ ግን በትዕግሥቱ ይህን ተስፋ አስገኘ። ኤጊሎፕስ የሚባል አንድ የዱር ሣር የቅጠል ዋግ እንደማይነካው ያውቅ ነበር። ሣሩ ከዳቦ ስንዴ ጋራ በቀጥታ የማይዋለድ ስለ ሆነ መጀመሪያ ከዱር ስንዴ ጋራ አዳቀለው፤ ከዚያ የተወለደውን ከዳቦ ስንዴ ጋራ አዋለደ። ይሁን እንጂ የሣሩ መልካም ጠባይ ብቻውን አልመጣም፤ ክፉው ጠባይ ሁሉ በአንድ ክሮሞዞም ተጣብቆ አብሮ ገባ። ክሮሞዞም ማለት ዘር ከዘር የሚወርሰው ጠባይ የሚቀመጥበት ረቂቅ ክር ነው። ሲርስ ይህን ክር በጨረር እየሰባበረ፣ ከስድስት ሺህ የሚበልጡ ችግኞችን አንድ በአንድ ከመረመረ በኋላ፣ መልካሙን ቍራጭ ብቻ የወረሰ ስንዴ አገኘ፤ ነገሩንም በ1956 አሳተመ። ዘሩ በሰፊው ከተዘራ በኋላ ግን ዋጉ ይህንንም የሚያሸንፍ ወገን ማብቀሉ አልቀረም።

አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ይህን ስናወጋቸው፦ «ታዲያ ጨረር የነካው ስንዴ ለልጆች ሲበላ አይጎዳምን?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ኮባልት 60 ከሚባለው ማዕድን የሚወጣው ጨረር በዘሩ ውስጥ አልፎ ይሄዳል እንጂ በዘሩ ውስጥ አይቀመጥም፤ ይህም ፀሐይ የሞቀው ልብስ ማታ እንደማያበራ ነው።

አደጋው ያለው በማዕድኑ በራሱ ነው። ተራው የኮባልት ብረት ሪአክቶር በሚባለው የአቶም ምድጃ ውስጥ ሲቈይ ኮባልት 60 ይሆናል፤ ኃይሉም በእኩሌታ የሚጎድለው ከአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ስለ ሆነ፣ በወፍራም እርሳስ ተከልሎ፣ በቍልፍና በዘበኛ ይጠበቃል። ይህ ጥበቃ በጎደለበት ምን እንደሚደርስ በ1987 በብራዚል በጎያኒያ ከተማ ታይቷል። ከተተወ የሕክምና ቤት ሴዚየም 137 የተባለ ሌላ ማዕድን ያለበትን መሣሪያ ብረት ለቃሚዎች ወስደው ሰበሩት። በሌሊት ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራውን ዱቄት ሰዎች እያደነቁ ወደየቤታቸው ወሰዱት። ከሞቱት አራት ሰዎች አንዲቱ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች።

ተጠብቆ በሥራ ላይ ሲውል ግን ሌላ ፍሬ አለው። የኬንያ ስንዴ ዘር በኦስትሪያ፣ በቪየና አጠገብ ወደሚገኘው የዓለም አቀፍ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቤተ ሙከራ ተልኮ ጨረር ከተደረገበት በኋላ፣ የዩጋንዳውን ዋግ የሚችል ዘር ተመርጦ በ2014 ኤልዶ ንጋኖ 1 በሚል ስም ለገበሬዎች ተሰጠ። ንጋኖ በስዋሂሊ ስንዴ ማለት ነው። በኬንያ በንጆሮ፣ በእኛም አገር በደብረ ዘይት የምርምር ማእከል፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የስንዴ ዘሮች በመደዳ ተዘርተው ዋጉ ሆን ተብሎ ይለቀቅባቸዋል፤ ሊቃውንቱም በየመደዳው እየተመላለሱ የትኛው እንደ ቀላና የትኛው አረንጓዴ እንደ ቀረ ይመዘግባሉ።