ክሪስ ኮርኔል ብቻውን ሲወጣ የጣላት ፊደል

ክሪስ ኮርኔልን ያወቅሁት እንደ ብዙዎቻችሁ በጄምስ ቦንድ ነው። የ2006ቱ «ካሲኖ ሮያል» ሲጀምር የምንሰማው ያ ሻካራ ድምፅ የሱ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ስልኬ ላይ ስሙን ስፈልግ ሳውንድጋርደንን አገኘሁ፤ በ1984 ሲያትል ውስጥ የተመሠረተ የሮክ ባንድ። መጀመሪያ አካባቢ ኮርኔል ድራም እየመታ ነበር የሚዘፍነው። አስቡት፣ ያ ድምፅ ከድራም ጀርባ!

ባንዱ በ1994 «ሱፐርአንኖውን» በሚለው አልበም የአሜሪካን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ መራ፤ በ1997 ተበተነ። በ1999 ኮርኔል ብቻውን መጣ።

ከእንዲህ ዓይነት ባንድ ከወጣ ሰው የሚጠበቀው ከባድ ጊታርና ጩኸት ነው። እሱ ግን ረጋ ያለ፣ ያዘነ ሥራ ይዞ መጣ። አንዱን ዘፈን የሠራው በ1997 ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ ለሞተው ዘፋኝ ለጄፍ በክሊ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ሰልችቶኝ ዘለልኩት። በኋላ አንድ ማታ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ነው የገባኝ፤ ድምፁ ሲሰበር የሚሸፍንለት ጊታር የለም።

የአልበሙ ስም «ዩፎሪያ ሞርኒንግ» ነው። እሱ የፈለገው ግን ሐዘን ማለት የሆነውን «ሞርኒንግ» ነበር። በእንግሊዝኛ ማለዳና ሐዘን ሲጠሩ አንድ ናቸው፤ ሲጻፉ የሚለያቸው አንድ «ዩ» ፊደል ብቻ ነው። የዚያን ጊዜ ማናጀሩ «ያለ ዩ ይሻላል» የሚል ሐሳብ አመጣ፤ እሱም ተቀበለ። በቃ፣ «የደስታ ሐዘን» የነበረው «የደስታ ማለዳ» ሆኖ ታተመ። ሰምና ወርቅ ሲተነተን እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ያናድዳል፤ ወርቁን ጥሎ ሰሙን መሸጥ ነው። ከባንድ ወጥቶ የራሱ አለቃ የሆነ ሰው የገዛ አልበሙን ስም ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠቱ ደግሞ ይገርመኛል።

ከዚያ በ2001 ከሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ሙዚቀኞች ጋር ኦዲዮስሌቭን መሠረተ። በ2009 ከቲምባላንድ ጋር «ስክሪም»ን ሠርቶ መቀለጃ ሆነ። እኔም እዚህ ላይ ከተቺዎቹ ጋር ነኝ፤ ቢቱ ድምፁን ውጦታል። በ2011 ደግሞ መድረክ ላይ በአኮስቲክ ጊታር የተጫወተውን «ሶንግቡክ»ን አወጣ። እሱን ስሙት።

ፊደሏ የተመለሰችው በ2015 ነው። አልበሙ በድጋሚ ሲታተም «ዩ» ቦታዋ ገባች፤ ከ16 ዓመት በኋላ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በሜይ 2017፣ ዲትሮይት ውስጥ ዘፍኖ በዚያው ሌሊት ሕይወቱ አለፈ። 52 ዓመቱ ነበር። በዚያ ምሽት መድረክ ላይ አብሮት የነበረው በ2010 እንደገና የተሰባሰበው ሳውንድጋርደን ነው።