ዳትሰኗና የሸሪካት ማታ ተማሪዎች

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለውን ተረት ያላደገበት ሰው በመካከላችን የለም። ነገር ግን ተረቱን ማወቅና መኖር ይለያያሉ። በዚህ እትም የምናጫውታችሁ፣ እኛ በሸሪካት የማታ ትምህርት የምናስተምር መምህራን ከልጆቻችን ጋር ሆነን አንዲት የፕላስቲክ መኪና ስንገጣጥም ያየነውን ነው። “ስንት ችግር እያለብን የመጫወቻ መኪና ምን ይሠራልናል?” የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም መጀመሪያ ያልነው እንደዚያው ነበር፤ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱ።

ነገሩ የጀመረው ከገበያ ነው። ሸሪካትን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከጁባ ከተማ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ከኒሙሌ በሚመጣው አስፋልት ዳር ያለ ሰፈር ነው። ከኡጋንዳና ከኬንያ ዕቃ የጫኑ ከባድ መኪናዎች የሚያልፉት በዚሁ መንገድ ነው። ሰልቫጅ ልብስ ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ ዘንድ፣ በአሮጌ ጫማና ቀበቶ መካከል፣ ጠርዙ የተቀደደ የካርቶን ሳጥን አገኘን። በላዩ ላይ ኮፈኗ ጥቁር የሆነ ቀይ መኪና አቧራ እያስነሳች ስትሮጥ ተስሏል፤ በሯ ላይ 11 ቁጥር አለ። ሁለት ኪሎ ስኳር በማይገዛ ገንዘብ ገዝተነው መጣን።

ሳጥኑን ስንከፍተው ጎማዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ማጣበቂያው ደርቋል። በውኃ የሚለጠፉት ምልክቶች ያሉበት ወረቀት ቢጫ ሆኗል። የቀረው ግን ሁሉም አለ፤ ትናንሾቹ ክፍሎች በፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለዋል፣ እያንዳንዱም ቁጥር አለው።

መኪናዋ ምንድን ናት?

ሥዕሏ የዳትሰን 240 ዜድ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተር ያላት የጃፓን መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ኤድጋር ሄርማን የተባለ ሾፌር ያሸነፈው በእሷ ነው። ሳፋሪ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን ያዳርስ ነበር። ይካሄድ የነበረው በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን፣ ዝናቡ ሲጀምር ነው። አቧራው፣ ጭቃውና የሞላው ወንዝ እንዴት እንደሚያደርግ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1963 ከተነሡት 84 መኪናዎች የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ። በ1968ም 93 ተነሥተው እንደገና 7 ብቻ ደረሱ።

ሁላችንም የምናውቃት ቮልስም በዚህ ውድድር ስም አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሸነፈችው እሷ ነበረች። በእኛም አገር በጃንሆይ ዘመን ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር ይካሄድ ነበር። ጆጊንደር ሲንግ የተባለው የኬንያ ሲክ ደግሞ በአባቱ ጋራዥ በመካኒክነት ያደገ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሳፋሪን ያሸነፈው ሌላ ሰው ቀድሞ በነዳት አሮጌ ቮልቮ ነበር። ይህን ስንነግራቸው አንዱ ልጅ “እንደ እኛ ሳጥን ሰልቫጅ ናታ!” ብሎ አሳቀን።

ልጆቹን ዝም ያሰኛቸው ግን የሼካር ሜህታ ታሪክ ነው። ሜህታ ከህንድ ዘር የሆነ፣ ኡጋንዳ የተወለደ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሄርማን ሲያሸንፍ፣ በሌላ 240 ዜድ ሁለተኛ የወጣው እሱ ነበር። በዓመቱ በ1972 ኢዲ አሚን የእስያ ተወላጆችን ከኡጋንዳ ሲያባርር የሜህታ ቤተሰብም አገሩን ለቅቆ ወጣ። ሜህታ ኬንያ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ያንኑ ሳፋሪ አሸነፈ። ከሁለተኛው ሰው ጋር በቅጣት ነጥብ እኩል ወጥተው ነበር፤ ከመነሻው ጀምሮ ሳይቀጣ ረዘም ያለ መንገድ የሄደው እሱ በመሆኑ ድሉ ለእሱ ተሰጠ። ከ1979 እስከ 1982 ደግሞ በተከታታይ አራት ጊዜ አሸንፎ በጠቅላላው አምስት አደረሰው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ “ቲቸር፣ አገሩ ተመለሰ?” ብላ ጠየቀች። እኛም በኬንያ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳረፈ ነገርናት። ሌላ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም።

እንዴት ገጣጠምናት?

ሥራው አሥራ ስምንት ምሽት ፈጀ። እንዲህ ያለ ሳጥን ወይም ሌላ የሚገጣጠም ነገር እጃችሁ ቢገባ እንዲጠቅማችሁ ዋና ዋናውን እንጽፋለን።

1. ክፍሎቹን ከነፍሬማቸው በሳሙና ማጠብ። ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ስላለባቸው ሳይታጠቡ ቀለም አይዝም።

2. በእጅ አለመገንጠል። እኛ በጥፍር መቁረጫ ቆርጠን የተረፈውን በጥፍር ሞረድ አስተካከልን። የተቆረጠውን ሁሉ በሳህን ላይ ማስቀመጥ ነው፤ መሬት የወደቀ ትንሽ መስተዋት ሁለት ምሽት አስፈልጎናል።

3. ማጣበቂያ በስቲኪኒ ጫፍ ጠብ ማድረግ። ከጫማ ሰፊ የገዛነው ሱፐር ግሉ ሠርቷል። ነገር ግን ጣትን ያጣብቃል፣ ሽታውም ዓይን ያቃጥላል። ስለዚህ በር ተከፍቶ፣ በትልቅ ሰው እጅ ብቻ ይሁን። እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ መያዝ ነው።

4. ለቀለም ከአንዲት ፀጉር ሠሪ እህታችን ቀይና ጥቁር የጥፍር ቀለም አገኘን። የጥፍር ቀለም ወፍራም ሆኖ ከተቀባ ፕላስቲኩን ይበላዋል። መጀመሪያ በፍሬሙ ትርፍ ላይ መሞከር፣ ከዚያም ስስ አድርጎ፣ እያደረቁ መደራረብ ይሻላል።

5. አንቴናዋን ከፍሬሙ ትርፍ ሠራናት። ፕላስቲኩን ከሻማ ነበልባል ከፍ አድርጎ ማሞቅ፣ ሲለሰልስ ግራና ቀኝ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ እንደ ክር ይቀጥናል።

የጠፋውን አራተኛ ጎማ ከአሮጌ ሰንደል ሶል ቆርጠን አወጣነው። ከሦስቱ ትንሽ ወፈር ይላል፤ ቸርኬውን ግን ጥርቅም አድርጎ ይዟል። የሚለጠፉት ምልክቶች ውኃ ሲነካቸው ተሰባበሩ፤ የተረፈው የአንድ በር 11 ቁጥር ብቻ ነው። የሌላውን በር 11 አንድ ልጅ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጻፈው። በመጨረሻም ከመንገዱ ዳር ቀይ አፈር ወንፍተን ታችኛውን ጎኗን አቧራ አለበስናት። ከውድድር የመጣች እንጂ ከሱቅ የወጣች እንዳትመስል ነው።

የእኛ ስህተትና የልጁ ዓይን

ያ በክብሪት እንጨት የጻፈው ልጅ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ቀን ቀን በጋሪ ጀሪካን ይገፋል። ሦስተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ሁለት ዓመት ከትምህርት ርቆ ነበር። ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር መቀመጥ እያሳፈረው በር ላይ ቆሞ አይቶ ይሄድ ነበር። ሳጥኑ የመጣ ዕለት ገባ።

በሰባተኛው ምሽት እኛ የሻንሲውንና የወለሉን ክፍል ለማጣበቅ ስንቸኩል “ቲቸር፣ ይሄ ብረት መጀመሪያ ነው የሚገባው” አለ። የመመሪያው ወረቀት በጃፓንኛ ነው፤ ልጁ አማርኛውንም በቅጡ አያነብም ነበር። እኛም “ዝም ብለህ ያዝልን” አልነው። አጣበቅን። በማግስቱ የኋላ ጎማዎቹን ልንከት ስንል የብረት ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ ተዘግቷል። ልጁ ያየው ሥዕሉን ነበር፤ ቀስቱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ቁጥር ከየትኛው እንደሚቀድም። በምላጭ ስንፈለቅቀው አንድ ጎኑ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ ዛሬም ከሥር ይታያል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ብዙ ነገር ተምረናል። “ተሳስቻለሁ” ብሎ በተማሪ ፊት መናገርን ግን ማንም አላስተማረንም። በልጆቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፤ ከዚያ ምሽት ጀምሮም ወረቀቱን የሚይዘው እሱ ሆነ። ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ሌሎቹ ያቀርባሉ። የክፍሎቹን ስም በአማርኛ ጽፈን እንድንለጥፍለት የጠየቀን ራሱ ነው፤ ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ማርሚታ፣ መሪ። በሦስት ሳምንት ውስጥ እነዚህን ያለ እኛ እርዳታ አነበባቸው።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። በሳጥኑ ላይ 1/24 የሚል አለ። ይህ ማለት በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲሜትር የሆነው በእውነተኛው መኪና ላይ 24 ሴንቲሜትር ነው። በእውነተኛው 240 ዜድ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል 2305 ሚሊሜትር ነው። ለ24 ሲካፈል 96 ሚሊሜትር ይመጣል። ልጁ ማስመሪያ አምጥቶ ለካ፤ 9 ሴንቲሜትር ከ6 ሚሊሜትር። “እውነትም ነው!” ብሎ ጮኸ። የመማሪያ ክፍላችንንም ለኩት፤ የ6 ሜትሩ ግድግዳ በወረቀት ላይ 25 ሴንቲሜትር ሆነ።

በዚህ ጊዜ የቤት ሥራ ሰጠን። እያንዳንዱ ልጅ በአገር ቤት የነበረውን ቤት በዚሁ 1/24 ልክ ከካርቶን ይሥራ አልን። ይህን ስንል አስቀድመን አላሰብንበትም።

በማግስቱ የልጁ እናት መጡ። ተቆጥተው ነበር። “መምህር፣ ልጄ ማታ ማታ በመጫወቻ እያመሸ ጠዋት ለጋሪው መነሣት አቃተው። ትናንት ደግሞ የቤታችን ስፋት ስንት ነበር ብሎ ጠየቀኝ። እሱ አያስታውሰውም። ለምን ታስታውሱኛላችሁ?” አሉን። የምንመልሰው አጣን። ይቅርታ ጠይቀን የቤት ሥራው እንዲቀር ነገርናቸው። እሳቸው ግን ቆመው ቆዩ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥተው፣ ነጠላቸውን አጥብቀው፣ በእግራቸው ይለኩ ጀመር። “በሩ እዚህ ነው። ምድጃው እዚህ።” ሰባት እርምጃ በአምስት እርምጃ። ልጁ ከኋላቸው እየተከተለ በድንጋይ ምልክት ያደርግ ነበር። አንድ እርምጃቸውን ለካነው፤ 60 ሴንቲሜትር። ሰባቱ 420 ሴንቲሜትር፣ ለ24 ሲካፈል 17 ሴንቲሜትር ተኩል።

ቤቱ ተሠራ። ዛሬ በክፍላችን መደርደሪያ ላይ ከዳትሰኗ ጎን ተቀምጧል። ልጁ ጠዋት አሁንም ጋሪውን ይገፋል፤ እናቱ እንዲያርፍ ብለው የማታውን ሰዓት በግማሽ ሰዓት እንድናሳጥር ጠይቀውን አሳጥረናል። ከዚያ ወዲህ አንድም ማታ አልቀረም።

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ሳጥን እስኪገኝ አትጠብቁ። ልጆቻችን ከቆርቆሮ፣ ከሽቦና ከጠርሙስ ክዳን መኪና መሥራት ያውቁበታል። እናንተ የምትጨምሩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ማስመሪያና ጥያቄ። “ይህ መኪና በእውነቱ ስንት ሜትር ነው? በሃያ አራት ብናካፍለውስ?” በሏቸው። የቆርቆሮውን ስለት በድንጋይ አስደፍኑላቸው፣ ምላጭና ማጣበቂያ ከሕፃናት አርቁ። የቤት መለካቱን ነገር ግን አስቡበት፤ ልጁን ከመጠየቃችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። አንዳንዱ ቤት ለመለካት ጊዜ ይፈልጋል።

በጎሮምም ሆነ በሌላ ሰፈር ያላችሁ መምህራን ሞክራችሁት ብትጽፉልን ደስ ይለናል። አራተኛ ጎማ የተረፈው ሰው ካለም አያስቀርብን፤ የሰንደሉን ግን አንጥለውም። ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ቸር ይግጠመን።