ፖስታው ውስጥ ያለው ሦስት ቁጥር

ከአዳማ በማለዳ ወደ አዲስ አበባ በሚወጡት መኪኖች ውስጥ ትልቅ ካኪ ፖስታ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሴት ብታዩ አትገረሙ። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት ይገኝ የነበረው አዲስ አበባ ባለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ የአሰላ፣ የባቱና የሻሸመኔ የጡት ካንሰር ታካሚዎችም የአዲስ አበባን መንገድ ለምደውታል። ሕክምናው ካበቃ በኋላም ክትትሉ ይቀጥላል፤ በየዓመቱ ማሞግራም መነሣት አለ፤ ፖስታው የያዘውም ይህንኑ ፊልም ነው።

ማሞግራፊ ለጡት ብቻ የተሠራ ራጅ ነው። ጡትን በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ለጥቂት ሴኮንዶች ይጫናል። ያማል፤ አያምም ብሎ ማባበል ጥቅም የለውም። ነገር ግን ጡቱ ሲሳሳ የተደራረበው ተለይቶ ይታያል፣ የሚያስፈልገው ጨረርም ይቀንሳል። ለምርመራ ስትሄዱ ብብታችሁን ዲዮድራንት አትቀቡ። በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ፊልሙ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣና ሐኪሙን ያሳስታል።

ጭንቀቱ የሚጀምረው ውጤቱ ሲመጣ ነው። ባይራድስ የሚባለው መለኪያ ከ0 እስከ 6 ይሄዳል። «ሦስት» የተባለች ሴት «ደረጃ ሦስት ካንሰር» የተባለች መስሏት ቤት እስክትደርስ ልታለቅስ ትችላለች። ሁለቱ ግን አይገናኙም። የባይራድስ 3 ትርጉም «ጉዳት የሌለው ሳይሆን አይቀርም» ነው፤ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከመቶ ከ2 አይበልጥም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ናሙና አይወሰድም፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይታያል። 0 ደግሞ ምርመራው ገና አላለቀም ማለት ነው። ናሙና የሚያስፈልገው ከ4 ጀምሮ ሲሆን፣ 4 ከተባሉትም ብዙዎቹ ካንሰር ሆነው አይገኙም።

የታከመ ጡት ለማንበብ ያስቸግራል። የቀዶ ጥገናው ጠባሳ፣ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ ሞቶ እንደ ኖራ የጠነከረ ስብ፣ ሁሉም ፊልም ላይ ዕጢ ሊመስሉ ይችላሉ። የሚለያቸው ብዙውን ጊዜ የጊዜ ሂደት ነው፤ ጠባሳ እያደር ይጠብባል ወይም ባለበት ይቆማል፣ ካንሰር ግን ያድጋል። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ጡቱ ሙሉ በሙሉ ስለሚወገድ ፊልም የሚነሣው የቀረው ሌላኛው ጡት ነው፤ ለእርሱም ቢሆን ያለ ንጽጽር መፍረድ ከባድ ነው።

ለዚህ ነው ያ ካኪ ፖስታ ከወርቅ የሚበልጠው። እኛ ዘንድ ፊልሙን የሚያስቀምጠው በአብዛኛው ታካሚው ራሱ ነው። የድሮው ከጠፋ ሐኪሙ የሚያነጻጽርበት ስለሚያጣ 0 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሲዲ ከሆነ ደግሞ በአዳማ ፀሐይ መኪና ውስጥ አትተዉት። ሐኪሙንም «ከበፊቱ ጋር አነጻጽረውታል? የታየው ቀዶ ጥገና የተደረገበት ቦታ ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስድስት ወር መጠበቅ ቀላል አይደለም፤ ጎረቤቱም ቡና ላይ «ተመልሶ መጣባት እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። በመሃል አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሸብሸብ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ከታየ ቀጠሮው አይጠበቅም። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ውጤቱ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል፣ ቀጠሮውን የምንቆጥረው ግን በእኛው ነው። ፖስታው ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፉበት።