ልጅን አረቄ ግዛ ብላችሁ አትላኩ

ጃጁራ ያላችሁ ወላጆች፣ እንደ ጤና ባለሙያ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ልጆቻችሁን አረቄ እንዲገዙ አትላኩ። ጠርሙስ ይዞ የሚመላለስ ልጅ ሻጯንም ዋጋውንም ይለምዳል፤ መንገድ ላይ መቅመስም ይጀምራል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። «አባቱ ልኮት ነው» ሲባል ግን ሕጉ ይረሳል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሻጯ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው።

ያሆዴና መስቀል ሲደርሱ ደግሞ «በዓል ነው፣ ትንሽ ይቅመስ» እንላለን። ነገር ግን የሰው አንጎል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ማደጉን አያቆምም። በልጅነቱ መጠጣት የጀመረ ሰው ኋላ በመጠጥ ሱስ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ለልጆች ዕለቱን የተበጠበጠ ብርዝ አዘጋጁላቸው፣ ይበቃል።

ልጁ ማታ ሰክሮ ከገባስ? ቁጣውን አቆዩት። በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት። ቡና ስካርን አያበርድም፤ እንዲያስታውክም አታስገድዱት። ስትቀሰቅሱት ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ቀስ ካለ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጠዋት ከማን ጋር እንደጠጣ፣ ምን እንዳስጠጣው በእርጋታ ጠይቁት። እባካችሁ፣ ተናግሮ እስኪጨርስ አታቋርጡት።