ለንግድ የሚጓዝ ሰው ጓዙን በዝርዝር ስለ ማሰናዳቱ

የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ከመነሣቱ በፊት ስንቁን፣ መጫኛውንና ለገበያ የሚያቀርበውን ዕቃ አንድ በአንድ ይመለከት ነበር። መንገዱ የብዙ ሳምንት ስለ ነበረ፣ የተረሳ ነገር ቢኖር ተመልሶ ማምጣት እንደማይቻል ያውቅ ነበርና ነው። የዛሬው ነጋዴ ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአንድ ሌሊት በረራ ጓንጁ ስለሚደርስ፣ ጥንቃቄው የቀነሰለት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የባሕር ማዶ ቆይታው የጥቂት ቀን ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዲት ወረቀት ወይም አንድ ናሙና መርሳት የጉዞውን ወጪ በሙሉ ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

መርሳት የሞኝነት ምልክት አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 30 ቀን 1935 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት፣ የቦይንግ ኩባንያ የሠራው ሞዴል 299 የተባለው ትልቅ አውሮፕላን ለሙከራ እንደ ተነሣ ወደቀ። ሲመረመርም የአውሮፕላኑ መምሪያ ክንፎች ቆሞ ሳለ በነፋስ እንዳይንቀሳቀሱ የሚይዛቸው መቆለፊያ ሳይፈታ መቅረቱ ታወቀ። አብራሪዎቹ በሙያቸው እጅግ የበቁ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አብራሪዎች በትዝታ መተማመንን ትተው፣ አጭር የጽሑፍ ዝርዝር እያነበቡ መነሣትን ልማድ አደረጉ። ለነጋዴም የሚበጀው ይኸው ነው። ዝርዝሩ በሚከተሉት አምስት ክፍሎች ቢዘጋጅ ይሻላል።

አንደኛ፤ ሰነዶች። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ለስድስት ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። ከፓስፖርቱ ጋር ቪዛ፣ የጉዞ ትኬት፣ የንግድ ፈቃድ ቅጂና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሊያዙ ይገባል። የቢጫ ወባ ክትባት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጁላይ ወር ጀምሮ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሁኖ ስለ ተወሰነ፣ አሥር ዓመት የሚል አሮጌ ካርድ ያለው ሰው እንደገና መከተብ አያስፈልገውም። የሁሉም ሰነድ ቅጂ ከዋናው ተለይቶ በሌላ ሻንጣ ይቀመጥ። ይዞ መውጣት የሚፈቀደው የውጭ ገንዘብ መጠን በየጊዜው በመመሪያ ስለሚለወጥ፣ ከመነሣት በፊት ባንክን መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ቀንና ሰዓት። ይህ ክፍል የእኛን አገር ሰው በተለይ የሚመለከት ነው። በትኬት ላይ ማክሰኞ 00:30 ተብሎ የተጻፈ በረራ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ማታ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ የሚሄድ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቷል። ስለዚህ በዝርዝሩ ራስ ላይ ቀኑና ሰዓቱ በአገራችንና በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በሁለቱም ይጻፍ።

ሦስተኛ፤ የንግዱ ዕቃ። የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ነጋዴ አሮጌውን ዕቃ ሳይዝ ሄደ እንበል። በዓይን ግምት ያዘዘው ማጣሪያ ጥርሱ በጥቂት ሚሊሜትር ቢለያይ፣ አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ዕቃ በመጋዘን ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ ናሙናው፣ የዕቃው ቁጥርና ልኩ መያዝ አለበት። የጨርቅ ነጋዴም ቁራጭ ጨርቅ ይያዝ፤ ቀለም በስልክ መስተዋት ላይ ሲታይ ያታልላልና። ቡና ላኪ ናሙናውን በታሸገ ከረጢት ያድርግ፤ ቡናው የበቀለበትን ስፍራ፣ የምርት ዘመኑንና የክምችቱን ቁጥር ይጻፍበት። ለጥሬ ቡና ደረጃ ምርመራ የተለመደው ናሙና 350 ግራም ነው። ጥሬ ቡና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሊጠየቅበት ስለሚችል፣ የሚሄድበትን አገር ሕግ አስቀድሞ ማጣራት ይገባል።

ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደሚደረገው የካንቶን የንግድ ትርኢት የሚሄድ ሰው ደግሞ፣ ትርኢቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመከር፣ እየተከፈተ በሦስት ዙር የሚካሄድ መሆኑን ይወቅ። በመጀመሪያው ዙር የሚታየው የማሽንና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ልብስና ጨርቅ በሚቀርቡበት በሦስተኛው ዙር አይገኝም። ትኬት ከመቁረጡ በፊት የሚፈልገው ዕቃ በስንተኛው ዙር እንደሚቀርብ ያረጋግጥ። ሲመለስም ሻጩ የፈረመበትን የስምምነት ናሙና የሚያመጣበት ባዶ ስፍራ በሻንጣው ይተው፤ ዕቃው ሲደርስ ለማነጻጸር እርሱ ማስረጃ ይሆነዋል።

አራተኛ፤ በእጅ የሚያዝና ለጭነት የሚሰጥ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ በጭነት ክፍል እሳት ቢነሣ ሊደርስበት የሚችል ሰው የለምና። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በእጅ ይያዛል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ክልክል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። በቻይና ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ ለሚበር ሰው ግን፣ ከጁን 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሩ የ3ሲ ምልክት የሌለበት ፓወር ባንክ አይፈቀድለትም። መድኃኒት ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይሁን። ቋንጣና ቅቤ በመንገደኛ ጓዝ ወደ ቻይና ማስገባት የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ከስንቁ ዝርዝር ይውጣ።

አምስተኛ፤ የማረፊያ አድራሻ። በቻይና አንዳንድ የለመድናቸው የስልክ መልእክት መለዋወጫዎችና መፈለጊያዎች አይከፈቱም። ስለዚህ የሆቴሉ ስምና አድራሻ በቻይና ፊደል በወረቀት ታትሞ በኪስ ይያዝ። የታክሲ ነጂው የሚያነበው እርሱን ነው።

በመጨረሻም ዝርዝሩ ጥቅም የሚሰጠው በአሠራር ሲጠበቅ ነው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ይጻፍ፤ ቪዛና ምስክር ወረቀት በአንድ ቀን አይገኙምና። በዋዜማው አንዱ ሰው ያንብብ፣ ሌላው ዕቃውን ያሳይ። «ያለ ይመስለኛል» በሚል ቃል ምልክት አይደረግ፤ ዕቃው በዓይን ታይቶ ሻንጣ ሲገባ ብቻ ይደረግ። ከመንገድ እንደ ተመለሰም ነጋዴው የጎደለበትን ይጨምርበት፣ ያልተጠቀመበትን ይሰርዝ፣ ዝርዝሩንም ለሱቁ ባልደረቦች ያስተላልፍ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጉዞ ያ ወረቀት ከሱቁ ሀብት እንደ አንዱ ይቆጠራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለነጋዴ ሲተረጐም፣ በመንገድ ላይ ከሚደርስ ጸጸት ይልቅ በቤት የሚጻፍ አንድ ገጽ ዝርዝር ይረክሳል ማለት ነው።