የኮርቻው ቁመትና ጉልበታችን

ቤልጅማዊው የብስክሌት ጀግና ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1969 ፈረንሳይ ውስጥ በውድድር ላይ ወድቆ ዳሌው ተዛባ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙን ለማስታገስ የኮርቻውን ከፍታ ዘወትር ይለዋውጥ ነበር። ለመሆኑ ጥቂት ሚሊሜትር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣልን? በደቂቃ 90 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ሰው እያንዳንዱ ጉልበቱ በሰዓት 5,400 ጊዜ ይታጠፋል፤ ትንሿ ስሕተት የምትጠራቀመው በዚህ ነው። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ከፊት በኩል ይታመማል፤ ከፍ ካለ ዳሌ ግራና ቀኝ ይዋልላል። ለመነሻ ያህል፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ታች የደረሰውን ፔዳል በተረከዝ ሲረግጡ እግር ቀጥ ማለት አለበት። በጣቶች ሥር ባለው የእግር ክፍል ሲረግጡ ደግሞ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ይታጠፋል። መዳፍ የሚደነዝዘውም ሁልጊዜ በመሪው ጥፋት አይደለም (ብዙዎች ግን መሪውን ብቻ ይነካካሉ)፤ ወደ ፊት ያዘነበለ ኮርቻ የሰውነትን ክብደት በእጅ ላይ ይጥላል። መፍቻውን ከማንሣት በፊት የቀድሞውን ከፍታ በኮርቻው ዘንግ ላይ ምልክት ማድረግ ይገባል።