በካርቱም የተቋረጠ መስመር የገዳሪፍን ሥራ ለምን ያስቆማል?

ጥር 24፣ 2016 ዓ.ም በሱዳን የኤምቲኤን እና የሱዳኒ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ። ከአምስት ቀናት በኋላ የዜይን መስመርም ጸጥ አለ።

ከካርቱም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የገዳሪፍ ከተማ በወቅቱ ውጊያ ያልደረሰባትና ተፈናቃዮችን የምታስተናግድ ነበረች። ሆኖም በእርሷም ሆነ ወደ ካሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሾዋክ መደወልና ገንዘብ መላክ አዳጋች ሆነ።

ምክንያቱ የኔትወርኮቹ አደረጃጀት ነበር። የኩባንያዎቹ ዋና የመረጃ ማዕከላት በካርቱም ነበሩ፤ ማዕከላቱን አዘግቷል ተብሎ የተከሰሰውም ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ነው። የስልክ ምሰሶ ደዋዩ ማን እንደሆነና ምን ያህል ሒሳብ እንዳለው የሚያጣራው ከማዕከሉ ነው። ማዕከሉ ሲዘጋ በምሥራቅ ያለ ጉዳት የቆመው ምሰሶም መልስ የሚሰጠው አጣ።

ጥሬ ገንዘብ በጠፋባት ሱዳን ብዙዎች የሚጠቀሙት ባንካክ የተሰኘው የካርቱም ባንክ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። በመቋረጡም ምግብ አብስለው ለችግረኞች የሚያድሉ በጎ ፈቃደኞች መገልገያ ገንዘብ አጥተው ሥራ አቆሙ። ሱዳኒ በፖርት ሱዳን ባዘጋጀው አማራጭ ማዕከል በኩል አገልግሎቱን ደረጃ በደረጃ መመለስ የጀመረው ከቀናት በኋላ ነበር።

ሥራን ማከፋፈል ምን ማለት ነው?

የኮምፒውተር ባለሙያዎች ለዚህ ችግር የሚያቀርቡት መልስ፣ መረጃውንና ሥራውን በተለያየ ቦታ ለሚገኙና በኔትወርክ ለተሳሰሩ ኮምፒውተሮች ማከፋፈል ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ ሥራውን ይቀጥላሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ባራን በአውሮፓውያኑ 1964 ባሳተመው ጥናት፣ ጥቃት ቢደርስበትም የማይቆም የመገናኛ መረብ አንድ ማዕከል ሊኖረው እንደማይገባ አስረድቷል።

ለመሥሪያ ቤቶች ምን ይፈይዳል?

ሾዋክ የጉዳዩን ክብደት የምታሳይ ከተማ ናት። በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን በምሥራቅ የሚያከናውነውን ሥራ የመራው ከዚህች ከተማ ሲሆን፣ በርካታ ኢትዮጵያውያንም በአካባቢው ተመዝግበዋል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም በኋላ ደግሞ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግረው፣ ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት ባሉት የኡም ራኩባና የቱናይድባ መጠለያዎች ሰፍረዋል። ለስደተኛ መዝገብ ላይ መገኘት ማለት ራሽን፣ ሕክምናና የመታወቂያ ወረቀት ማግኘት ማለት ነው።

ስለሆነም መስመር ሲቋረጥ የማይቆሙ መሣሪያዎች ተፈላጊ ሆነዋል። በእርዳታ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀው ኮቦ ቱልቦክስ መጠይቁን በስልኩ ላይ ይዞ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ለጤና መረጃ የሚያገለግለው ዲኤችአይኤስ 2ም ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ በኋላ የሚያቀናጅ የስልክ መተግበሪያ አለው።

ዋጋውስ?

ማከፋፈል ያለ ዋጋ አይገኝም። መስመር በተቋረጠበት ቀን አንድ ቤተሰብ በሁለት መጠለያዎች ቢመዘገብ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ራሽን ሊፈቅዱለት ይችላሉ። ኤሪክ ብሩወር በአውሮፓውያኑ 2000 ያቀረቡት፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በሒሳብ የተረጋገጠው መርህ ይህንኑ ይገልጻል፦ ግንኙነት ሲቋረጥ አንድ ሥርዓት ሁልጊዜ ምላሽ መስጠትንና በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መረጃ መያዝን በአንድነት ማሟላት አይችልም።

ሁለተኛው ሥጋት ደኅንነት ነው። የስደተኞች የጣት አሻራና ስም በብዙ መሣሪያዎች ላይ ሲቀመጥ፣ የአንዱ መሰረቅ ሰዎችን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ቅጂዎቹ በምስጢራዊ ኮድ መቆለፍ፣ በየቦታው የሚቀመጠው መረጃም ለዕለቱ ሥራ በሚያስፈልገው መወሰን አለበት።

ከዚህ በመነሣት አንድ መሥሪያ ቤት ሥራዎቹን በሁለት ሊከፍላቸው ይችላል። ስደተኛን መመዝገብና ታማሚን መቀበል ለአንድ ቀንም ሊቆሙ አይገባም፤ ጥቂት ድግግሞሽ ቢፈጠር በኋላ ይታረማል። ትልቅ ክፍያን ማጽደቅ ግን መስመሩ እስኪመለስ ሊጠብቅ ይችላል። ለፊተኛው ሥራ ቅጂውን በአቅራቢያ ማኖር፣ ለኋለኛው ደግሞ ዋናውን መዝገብ በሁለት ወይም በሦስት የተራራቁ ከተሞች ማስቀመጥ ያሻል።